የቦረና ላምና ጥጃዋ፦ የደረቅ ወቅት ተጨማሪ መኖ አሰጣጥ ከሀ እስከ ፐ

ደረቅ ወቅት ሲገባ ብዙ ሰው ፋጉሎ (የዘይት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው መኖ) ፍለጋ የሚወጣው ላሟ ከተኛች በኋላ ነው። ጭራዋን ይዘው፣ ሆዷን ደግፈው የሚያስነሷት ላም በረት ውስጥ ካለች መኖው ዘግይቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ያው ብር ሦስት ወር ቀደም ብሎ ቢወጣ ላሟ በራሷ ትነሳለች፣ ጥጃው ጠንክሮ ይወለዳል፣ እሷም ቶሎ ወደ ኮርማ ትመለሳለች።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሁለት ነገር ላይ ይሽከረከራል። መኖውን አስቀድሙት። ለሁሉም ከብት እኩል አታካፍሉት።

የምናወራው ስለ ሥጋ ከብት ነው። ምሳሌዬ የቦረና ላም ናት። አዳማ አካባቢ ያሉ ማድለቢያዎች ከደቡብ የሚያስመጡት ወይፈን የእሷ ልጅ ነው። የወተት ላም ባለቤት በየቀኑ ወተት ሸጦ መኖ ይገዛል። የሥጋ ከብት ባለቤት ግን ገቢው ጥጃው አድጎ ሲሸጥ ብቻ ነው የሚመጣው። በየዓመቱ የሚወለድና በሕይወት የሚያድግ ጥጃ ከሌለ ቁጥሩ ብዙ የሆነ መንጋ እንኳ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ሀብት ነው።

መጠኖቹን ሁሉ ያሰላሁት 300 ኪሎ ገደማ ለምትመዝን ላም ነው። የእናንተ ላም ከከበደች በዚያው ልክ ጨምሩ።

መጀመሪያ የወራቱን ሰሌዳ አውጡ

ቦረና ላይ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ዋናው "ገና" የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ትንሹ "ሐጋያ" ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በመካከል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ሞቃታማ ደረቅ ወቅት ቦና ነው፤ ሳሩ የሚያልቀው ያኔ ነው።

አሁን የላሟን እርግዝና እዚህ ላይ አስቀምጡት። ላም የምትሸከመው ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀናት፣ ወደ 285 ቀን ነው። በገና ዝናብ ሳር ጠግባ ኮርማ ያገኘች ላም የምትወልደው በቦና ማብቂያ ወይም በሚቀጥለው ገና መግቢያ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ማለትም ፅንሱ ክብደቱን የሚጨምርበት ጊዜ፣ ሳሩ ጭራሽ በጠፋበት ወቅት ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ጥጃው ሆዷ ውስጥ እያደገ እሷ ከራሷ ሥጋ ትቆርጥለታለች።

በዓመት አንድ ጥጃ እንዲገኝ ደግሞ ከወለደች በ80 ቀን ገደማ ውስጥ እንደገና መፀነስ አለባት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከ365 ላይ 285 ይቀነሳል። ስትወልድ ከስታ የነበረች ላም ይህን ቀጠሮ አታከብርም። ጡት እያጠባች ኮርማ ሳትፈልግ ወራት ይነጉዳሉ። በአገራችን ብዙ ላም በሁለት ዓመት አንዴ የምትወልድበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ ተነስታችሁ ላሞቹን በየስማቸው ዘርዝሩ። ማን መቼ ኮርማ አገኘች? መቼ ትወልዳለች? ከመውለጃዋ 90 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩና ምልክት አድርጉበት። መኖ የሚጀመረው እዚያ ቀን ላይ ነው። ቀኑ በትክክል ካልታወቀ የእንስሳት ሐኪም በእጁ ፈትሾ የእርግዝናውን ወር በግምት ይነግራችኋል። ለዚህ የሚከፈለው ከአንድ ኩንታል ፋጉሎ አይበልጥም።

ማን ትብላ? ማን አትብላ?

ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። ሰው ከብቱን ስለሚወድ አንዱን አብልቶ ሌላውን መዝለል ይከብደዋል። ነገር ግን አሥር ኩንታል ፋጉሎ ለአርባ ከብት ሲበተን ለማንም አይደርስም።

ቦረናዎች መንጋ መከፋፈል ድሮም ያውቁበታል። የምታጠባ ላምና ጥጃ "ወራ" በሚባለው መንጋ ቤት አካባቢ ይቀራሉ። የነጠፈውና ጎረምሳው ደግሞ "ፎራ" ሆኖ ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይሄዳል። ተጨማሪ መኖ የሚሰጠው ለወራው ነው፤ መውለጃዋ የደረሰችውንም ከፎራው አምጥታችሁ ወደ ወራው ቀላቅሏት።

ከወራው ውስጥ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ለመውለድ ሦስት ወርና ከዚያ በታች የቀራት ላም። ቀጥሎ ከወለደች ሦስት ወር ያልሞላት። ከዚያ የመጀመሪያ ጥጃዋን ያረገዘች ወይም የወለደች ጊደር። እንዲያውም ጊደሯን ከፊት ብታስቀምጧት አልቃወምም፤ ራሷ ገና እያደገች ስለሆነ ከሁሉም በላይ የምትጎዳው እሷ ናት። ጥርሷ ያለቀ፣ ሁለት ዓመት ያልወለደች ላም ግን መኖ ከመጀመሩ በፊት ብትሸጥ ይሻላል። በኅዳር ሥጋ እያላት የምታወጣው ዋጋና በየካቲት አጥንቷ ወጥቶ የምታወጣው ዋጋ ሰማይና ምድር ነው። የእሷ ዋጋ ለሌሎቹ የመኖ መግዣ ይሆናል።

ላሟን በዓይንም በእጅም አንብቧት

ሚዛን የሌለው ሰው ዓይንና እጅ አለው። ላሟ ጠዋት ሳትግጥና ውኃ ሳትጠጣ ከጎኗ ቁሙ።

የጎን አጥንቷን እዩ። የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት አጥንቶች ብቻ ሳሳ ብለው ከታዩ ደህና ናት። አብዛኛው ጎኗ ከርቀት የሚቆጠር ከሆነ ከስታለች። ቀጥሎ እጃችሁን ወገቧ ላይ አድርጉ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንቱ መካከል። ጣታችሁ ሥጋ ካገኘ ጥሩ። ሹል አጥንት ካገኘ ችግር አለ። ከዚያ ከኋላዋ ዙሩና የጭራዋን ሥር ተመልከቱ፤ ግራና ቀኙ ጎድጉዶ ከሆነ ስቧ አልቋል። ሻኛዋም ይናገራል። የጠገበች ላም ሻኛ ሙሉ ነው፤ ስትከሳ ይሟሽሻል።

ለመውለድ ሦስት ወር የቀራት ላም ደህና ከሆነች ያንኑ አቋም መጠበቅ ብቻ በቂ ነው። ከስታ ከሆነ ግን ለማንሳት ያላችሁ ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ከወለደች በኋላ የምትበላው ወደ ወተት ስለሚሄድ ሥጋ ማስያዝ እጥፍ ወጪ ነው።

በረቱ ውስጥ ደግሞ እበቱን እዩ። ብዙ ሰው አያየውም እንጂ ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። እበቱ ደርቆ፣ እርስ በርሱ ተደራርቦ እንደ ቁልል ከቆመ ሳሩ ውስጥ ፕሮቲን የለም ማለት ነው። ለስለስ ብሎ መሬት ላይ ዘርጋ የሚል ከሆነ ግጦሹ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ፋጉሎውን አትጀምሩ።

ሆዷ ሞልቶ ለምን ትራባለች?

በደረቅ ሳርና በአገዳ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። በላሟ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሳሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተህዋሲያን ግን ቢያንስ 7 በመቶ ገደማ ይፈልጋሉ። ያን ካላገኙ ሥራቸው ይቀዘቅዛል። ሳሩ ጨጓራዋ ውስጥ ይከርማል። ሆዷ ስለሞላ ተጨማሪ አትበላም። ሳር ፊቷ ተከምሮ የምትከሳው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ፕሮቲን ነው። አንድ ኪሎ ፋጉሎ የራሱን ጥቅም ብቻ አይሰጥም፤ ያለውን ደረቅ ሳር በደንብ እንድትበላና እንድታብላላው ያደርጋል። በቆሎና ሌላ እህል ግን እንዲያ አይደለም። እህል በዛ ባለ መጠን ሲሰጥ የሳሩ መብላላት ጭራሽ ይቀንሳል። በድንገት ብዙ ከበላች ደግሞ ጨጓራዋ ውስጥ አሲድ ይበዛና ትታመማለች፣ ልትሞትም ትችላለች። ሰው በቆሎ ቢተርፈው እንኳ በቀን ከአንድ ኪሎ አይለፍ፤ ያውም ከፋጉሎ ጋር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የሚበላ ሳር ካለ ነው። ሳሩ ራሱ ከሌለ ፋጉሎ ብቻውን አያድንም፤ ድርቆሽ ወይም ገለባ መቅደም አለበት።

የትኛውን መኖ እንግዛ?

የኑግ ፋጉሎ በአገራችን ገበያ ላይ ካሉት ዋናው ነው። ፕሮቲኑ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። የተልባ ፋጉሎም ቅርብ ነው። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ለአዋቂ ላም ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ጥጃ ግን አይሰጥም። ጎሲፖል የሚባል መርዛማ ነገር አለበት። የአዋቂ ላም ጨጓራ ይቋቋመዋል፣ የጥጃ ግን አይችለውም።

ፉርሽካ ከ15 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን አለው፤ ጉልበትም ይሰጣል። የሚሸጠው በየቦታው ስለሆነ ማጭበርበሩም በየቦታው ነው። አንድ ጭብጥ ወስዳችሁ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሩና ጥቂት ጠብቁ። ፉርሽካው ይንሳፈፋል ወይም ቀስ ብሎ ይወርዳል። አሸዋና አፈር ካለበት ወዲያው ታች ይዘቅጣል፤ ብርጭቆው ሥር ታዩታላችሁ። ፋጉሎን ደግሞ ስበሩትና አሽትቱት። ውስጡ አረንጓዴ ወይም ነጭ ሻጋታ ካለ፣ የእርጥብ ጓዳ ሽታ ከሸተተ፣ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ አትውሰዱ። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ከዚያ ነው የሚመጣው። ወደ ወተቱም ይገባል፤ ጥጃውም ይጠጣዋል፣ ቤተሰቡም።

ከብር ውጭ የሚገኘውን አትርሱ። ከግራር ዛፍ ሥር የሚረግፈው ፍሬ ጥሩ ፕሮቲን አለው። ሕፃናት ለቅመው በጆንያ ቢያጠራቅሙት ለጥጃ ግሩም መኖ ነው። ግን ይፈጭ ወይም ይወቀጥ። እንዳለ ከተሰጠ ጠንካራው ፍሬ ሳይብላላ በእበት ይወጣል። ደጋ ላይ ያለ ሰው የባቄላና የአተር ገለባ፣ የሳስባኒያ ቅጠል፣ አተላም አለው።

ስለ ድርቆሽ አንድ ነገር ልጨምር። ቦረና ውስጥ "ካሎ" የሚባል ለጥጃና ለደከመ ከብት ተከልሎ የሚጠበቅ ግጦሽ አለ። ከካሎው ላይ ሳር የምታጭዱ ከሆነ ሳሩ ማበብ ሲጀምር እጨዱ። ፍሬ አፍርቶ ቢጫ እስኪሆን የሚጠበቀው ክምሩ ትልቅ እንዲሆን ነው። ያኔ ግን ክምሩ ትልቅ ሆኖ ውስጡ ገለባ ነው።

ስንት ይሰጣት?

*ለመውለድ ሦስት ወር ለቀራት፦* ደረቅ ሳር እስክትጠግብ፣ በዚያ ላይ በቀን 1 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ። ፋጉሎ ከጠፋ 2 ኪሎ ፉርሽካ።

ከየት መጣ ለሚል ሰው ሒሳቡ እነሆ። 300 ኪሎ ላም በቀን ወደ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ትበላለች። በዚህ ጊዜ ከምትበላው 8 በመቶ ገደማ ፕሮቲን መሆን አለበት፤ ወደ 480 ግራም። አምስት ኪሎ ደረቅ ሳር 4 በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው 200 ግራም ይሰጣል። የጎደለው 280 ግራም ነው። 30 በመቶ የሆነ ፋጉሎ አንድ ኪሎው ይህን ይሞላል። የእናንተ መኖ የተለየ ከሆነ በዚሁ መንገድ ራሳችሁ አስሉት።

*ከወለደች በኋላ ለሦስት ወር፦* አሁን ፍላጎቷ ወደ 10 በመቶ ይወጣል፤ የምትበላውም ይጨምራል። 1 ኪሎ ፋጉሎና ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ፉርሽካ ስጧት። ዝናብ ከመጣና ሳሩ ከለመለመ ቀንሱ።

*ጨው፦* ሁልጊዜ ይኑራት። አሞሌም ይሁን ተራ ጨው፣ ለአንድ ላም በቀን 30 ግራም ገደማ ይበቃታል። ፉርሽካ የሚበዛበት አመጋገብ ካልሲየም ስለሚያንሰው ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጥቂት ቀላቅሉ።

ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ጠቅላላውን አስሉ። አሥር ያረገዙ ላሞች፣ በቀን 1 ኪሎ፣ ለ90 ቀን ሲሆን 900 ኪሎ፣ ማለትም 9 ኩንታል ነው። ይህን በመስከረምና በጥቅምት መግዛትና በጥር መግዛት አንድ አይደለም። ሁሉም ሰው ሲፈልግ ዋጋው ይሰቀላል። ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ መኪና ቢያስመጣ ደግሞ የማጓጓዣው ጣጣ ይቀላል።

ስትጀምሩ በሩብ ኪሎ ጀምሩ። በሳምንት እስከ አስር ቀን ውስጥ ሙሉ መጠኑ ላይ ድረሱ። ከመጀመራችሁ በፊትም የውስጥ ጥገኛ ትል ካለባቸው በሐኪም ምክር መድኃኒት ይውሰዱ፤ አለበለዚያ የምታበሉት ትሉን ነው።

አሰጣጡ ላይ ያለው ብልሃት

መሬት ላይ አትበትኑ። የተቆረጠ በርሜል፣ የተሰነጠቀ ግንድ፣ ያገለገለ የመኪና ጎማ ሁሉም ገንዳ ይሆናል። ለአንዲት ላም ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ቦታ ስጧት፤ የቦረና ላም ቀንዷ ቀላል ስላልሆነ ሰፋ ቢል ይሻላል። ገንዳው ካነሰ ጉልበተኛዋ የሁሉንም ጠራርጋ ትበላለች። ጊደሯ ዳር ቆማ ታያለች። ስለዚህ ጊደሮችን ለብቻ አብሏቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ እፎይታ አለ። ፋጉሎ በየቀኑ መሰጠት የለበትም። የሳምንቱን 7 ኪሎ በሦስት ቀን ከፍላችሁ፣ በአንዴ 2.3 ኪሎ ገደማ ብትሰጡ ላሟ አትጎዳም። ጉልበትም ይቆጥባል። ደካማዋም የመብላት ዕድል ታገኛለች፤ መኖው በዛ ስለሚል ጉልበተኛዋ ጨርሳ አትችለውም። ይህ ግን ለፋጉሎ ብቻ ነው። እህልና ዩሪያ (ማዳበሪያው) ያለበት መኖ እንዲህ ተጠራቅሞ ፈጽሞ አይሰጥም።

ውኃ ደግሞ አለ። ደረቅ መኖ የምትበላና የምታጠባ ላም በሞቃት ቀን 40 እና 50 ሊትር ትጠጣለች። በቦና ከብት በሦስት ቀን አንዴ ኤላ (ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ) መውረዱ የታወቀ ነው። የምታጠባዋንና ልትወልድ የደረሰችውን ግን በየቀኑ፣ ካልሆነም በየሁለት ቀኑ አጠጧት። የተጠማ ከብት መኖ አይበላም።

ገለባ ካላችሁ ዩሪያ

ይህ ክፍል በተለይ እርሻ ላለው ሰው ነው። የጤፍ ጭድ፣ የስንዴ ገለባ ወይም የተከተፈ አገዳ በዩሪያ ሲታከም ፕሮቲኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ይለሰልሳልም።

ለ100 ኪሎ ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያና 80 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ዩሪያው ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፤ ፍሬ እንዳይቀር በእንጨት አማስሉት። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ወይም ጥግ ይዛችሁ ላስቲክ አንጥፉ። 10 ኪሎ ገለባ ዘርጉ። በአትክልት ማጠጫ 8 ሊትር አርከፍክፉበት። በእግር ረግጣችሁ አየሩን አውጡ። እንደገና 10 ኪሎ፣ እንደገና 8 ሊትር። እስኪያልቅ እንዲሁ ቀጥሉ። መጨረሻ ላይ ላስቲኩን ጠቅልላችሁ አፈርና ድንጋይ ጫኑበት። አየር የሚገባበት አንዲት ቀዳዳ ከተገኘች ገለባውን የሚያለሰልሰው የዩሪያው ጋዝ በዚያው ያመልጣል፤ ገለባው ይሻግታል።

21 ቀን ይቆይ። ብርዳማ ቦታ ከሆነ አራት ሳምንት። ሲከፈት ቀለሙ ወደ ቡናማ የሄደ፣ ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ ተሳክቷል። የአንድ ቀኑን መጠን ማታ አውጥታችሁ አናፍሱት፣ ጠዋት ስጡ። ቀሪውን መልሳችሁ ሸፍኑ። በመጀመሪያው ሳምንት ካልታከመ ገለባ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ።

አሁን ጥንቃቄው። ዩሪያ መርዝ ነው። የሟሟበት ውኃ ባልዲ ውስጥ ተረፈ ብላችሁ በረት ዳር አታስቀምጡ። የተጠማች ላም ደርሳ ከጠጣችው በሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። መንቀጥቀጥ፣ አረፋ መድፈቅ፣ የሆድ መነፋትና መንገዳገድ ምልክቶቹ ናቸው። ሐኪም ጥሩ። እስኪደርስ መዋጥ የምትችል ከሆነ ወደ 2 ሊትር ኮምጣጤ ከብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ቀስ አድርጋችሁ አጠጧት። ስድስት ወር ያልሞላው ጥጃ ደግሞ በዩሪያ የታከመ ገለባም ሆነ ዩሪያ ያለበት የሚላስ ብሎክ አይቅመስ።

ጥጃው ሲወለድ

መጀመሪያ እንገር ነው። በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጥባ። በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ከክብደቱ አሥር በመቶ ያህል ማግኘት አለበት፤ 25 ኪሎ ሆኖ የተወለደ 2.5 ሊትር ማለት ነው። የበሽታ መከላከያውን ከእናቱ የሚያገኘው በእንገር ብቻ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ አንጀቱ ይህን መከላከያ መቀበል ያቆማል። እንገር ሆዱን ያሳምመዋል ብሎ አልቦ መድፋት ወይም አፍልቶ መብላት በየቦታው አለ። ከጠገበ በኋላ የተረፈውን ብሉት፤ ጣፋጭ ነው። በፊት ግን አይሆንም።

ከዚያ የወተት ክርክር ይመጣል። ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ ሻይ አለ፣ ቅቤ አለ። አትለቡ ማለት አልችልም። ግን ዋጋውን እወቁት። ጥጃ አንድ ኪሎ ሥጋ ለመጨመር በግምት ከ9 እስከ 10 ሊትር ወተት ይፈልጋል። በቀን 2 ሊትር ስትወስዱበት በቀን 200 ግራም ዕድገት ወሰዳችሁ። በስድስት ወር 36 ኪሎ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቢቻል አትለቡ። ካልተቻለ ሁለት ጡት ሙሉ በሙሉ ለጥጃው ተዉለት።

ለጥጃው የራሱ ጓዳ

ጥጃ በሁለትና በሦስት ሳምንቱ ሳር መለቃቀም ይጀምራል። ቁም ነገር ያለው መብላት ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። የላሟ ወተት መቀነስ የሚጀምረውም ከዚያው ገደማ ነው። መኖ ሲሰጠው እናቱና አክስቶቹ እንዳይቀሙት መግባት የሚችለው እሱ ብቻ የሆነ አጥር ያስፈልገዋል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጥላ ባለበት፣ ላሞቹ በሚያርፉበት ወይም ውኃ በሚጠጡበት አጠገብ በእሾህ ወይም በእንጨት ትንሽ ክልል እጠሩ። በሩ ላይ ሁለት ቋሚ እንጨት ትከሉ፤ በመካከላቸው ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። በ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አግዳሚ እሰሩ። ጥጃው ይሹለከለካል፤ ላሟ ቀንዷም ትከሻዋም ይይዛታል። ራቅ ካለ ጥጃው እናቱን ትቶ አይሄድም።

ለ100 ኪሎ ቅልቅል፦ 50 ኪሎ ፉርሽካ፣ 20 ኪሎ የኑግ ወይም የተልባ ፋጉሎ፣ 28 ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ 1 ኪሎ ጨው፣ 1 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት። ፕሮቲኑ ወደ 16 በመቶ ይመጣል። በቆሎው ዱቄት አይሁን፤ ሸርከት ተደርጎ ይፈጭ።

መጀመሪያ በቀን 100 ግራም ለአንድ ጥጃ፤ እሱንም ይበትነዋል እንጂ አይበላውም። ተስፋ አትቁረጡ። በአፉ ትንሽ ቀባ አድርጉለት። በየሳምንቱ ጨምራችሁ በሦስት ወሩ ግማሽ ኪሎ ይድረስ። ያደረውን አውጥታችሁ ለላሞቹ ስጡ፤ ጥጃ የቆየ መኖ አይወድም። ንጹሕ ውኃም እዚያው ይኑር፤ ወተት ይጠጣ የለ ወይ ብሎ ውኃ መንፈግ ትልቅ ስህተት ነው።

ለስላሳ ሳርም ያስፈልገዋል። ቦረና ውስጥ ሴቶች ለጥጃ ሳር አጭደው ተሸክመው የሚመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የጥጃው ጉዳይ የሚወሰነው በእነሱ እጅ ስለሆነ መኖ ሲገዛም ሲከፋፈልም እነሱን ሳያማክሩ መጀመር ከንቱ ነው።

ያዋጣል ወይ? እንዲህ አስሉት። ጥጃው ከወተቱ በላይ በተሰጠው መኖ አንድ ኪሎ ለመጨመር ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ቅልቅል ይበላል። ለጥንቃቄ 8 ያዙ። የአንድ ኪሎ ቅልቅል ዋጋ በ8 ሲባዛ ከአንድ ኪሎ ቁም ክብደት መሸጫ ዋጋ ከበለጠ፣ ሳር ባለበት ጊዜ ለጥጃው አትግዙ። በክፉ ዓመት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ያኔ የምታወዳድሩት ከሞተ ጥጃ ጋር ነው።

ዝናቡ ሲቀር

ከ2013 እስከ 2015 ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፏል። እንዲያ ያለ ጊዜ ሲመጣ ከላይ ያለው መጠን አይገኝም። ጥጃውን ቶሎ ጡት ማስጣል ያኔ ትልቁ መሣሪያ ነው። በመደበኛው ጊዜ ከ6 እስከ 7 ወር ይጠባል። በድርቅ ግን ሦስት ወር ካለፈውና በየቀኑ ከግማሽ ኪሎ በላይ ቅልቅል ያለማቋረጥ ከበላ ማስጣል ይቻላል። የምታጠባ ላም ፍላጎት ካላጠባች በጣም ይቀንሳል። መኖውን ላሟ በልታ ወተት አድርጋ ከምትሰጠው ጥጃው ራሱ ቢበላው ብክነቱ ያንሳል።

ስታስጥሉ ጥጃውን ሌላ መንደር አትውሰዱት። በአጥር ብቻ ለዩዋቸው፤ ይተያዩ፣ ይሻተቱ። ሦስት አራት ቀን ይጮኻሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። በዚያው ሳምንት ክትባትም፣ ምልክት ማድረግም፣ ማኮላሸትም አትጨምሩበት።

ዝናቡ ሲመጣ

ደመና ታየ ብላችሁ መኖውን አታቁሙ። የከሳ ከብት ብዙ ጊዜ የሚሞተው በመጀመሪያው ዝናብ ነው። ብርዱ ይመታዋል። አዲሱ ሳር ውኃ ብቻ ስለሆነ ያስቀምጠዋል። ትንሿን ለምለም ፍለጋም ቀኑን ሙሉ ሲዞር የቀረችውን ጉልበት ይጨርሳል። ሳሩ ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ ጠዋት ጠዋት ድርቆሽ አብልታችሁ ልቀቋቸው። ፋጉሎውን በየሳምንቱ በግማሽ እየቀነሳችሁ ጨርሱ። የተረፈ ጆንያ ካለ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ በዝናብ ወቅት እርጥበቱ የሚገባው ከወለሉና ከግድግዳው ነው።